የመብራት ሒሳብ በኪራይ ቤት

በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚጠራው መጀመሪያ በታወቀበት ሥራው ነው። «መብራት ገባ»፣ «መብራት ሄደ»፣ «የመብራት ሒሳብ መጣ» እንላለን። መሥሪያ ቤቱም ስሙ በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። ኃይል የሚያመነጨው ክፍል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ የሚያከፋፍለውና ሒሳብ የሚሰበስበው ክፍል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተባሉ። ሕዝቡ ግን ሁሉንም ትቶ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ከማለት አልተመለሰም።

ይህ አጠራር ለቋንቋ ጥናት መልካም ምሳሌ ነው፤ ለቤት ወጪ ግን አሳሳች ነው። ስሙ «የመብራት ሒሳብ» ስለ ሆነ፣ ሒሳቡ ከፍ ብሎ በመጣ ቁጥር ሁሉም ዐይኑን ወደ አምፖሉ ያነሣል። አባት ልጁን «መብራት አጥፋ» ይለዋል፤ አከራይ ተከራዩን በየበሩ እየዞረ «አምፖላችሁ አሁንም በርቷል?» ይለዋል። ነገር ግን በአብዛኛው ቤት ከሚከፈለው ሒሳብ ውስጥ የአምፖሉ ድርሻ ትንሹ ነው። ብዙውን የሚበላው ብርሃን የማይሰጠው ነገር ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ በቁጥር ለማሳየት እንሞክራለን።

ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው በኪራይ ቤት የሚኖረውን ሰው ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በአምቦ፣ እንዲሁም በዚያው አውራ ጎዳና ላይ በሚገኙት በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ከተሞች መምህሩም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ የቀን ሠራተኛውም በብዛት የሚኖሩት ተከራይተው ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ተማሪዎች ቅዳሜ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይሄዱና እሑድ ማታ በሶአቸውንና ሽሯቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ምናልባት ከእናንተም መካከል እንዲህ የምትኖሩ ትኖሩ ይሆናል። ተከራይ የቤቱን ሽቦ መለወጥ አይችልም፤ ቆጣሪው በስሙ አይደለም፤ ቢሉንም ብዙ ጊዜ አያየውም። ከእርሱ የሚጠበቀው «የመብራት ይህን ያህል ደርሶብሃል» ሲባል መክፈል ብቻ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ሒሳቡን የማወቅ ጉዳይ ገንዘብ የመቆጠብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በምሽት የማጥናትና ያለማጥናት ጉዳይም ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን እንለይ፤ እነርሱም ዋትና ኪሎዋት ሰዓት ናቸው። ዋት አንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ኃይል እንደሚስብ የሚገልጥ መለኪያ ነው። ኪሎዋት ሰዓት ግን ያ መሣሪያ በሠራበት ጊዜ ሁሉ የፈጀው ድምር ነው። ነገሩን በግቢ ቧንቧ ልንመስለው እንችላለን። ዋት የቧንቧው አከፋፈት ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ የሞላው ጀሪካን ብዛት ነው። በሰፊው የተከፈተ ቧንቧ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ጀሪካን ይሞላል፤ ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧም ሌሊቱን ሙሉ ከተተወ አንድ ጀሪካን መሙላቱ አይቀርም። ቆጣሪው የሚቆጥረው ጀሪካኑን ነው። አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይቆጠራል፤ አንድ መቶ ዋት የሚስብ አምፖል ዐሥር ሰዓት ቢበራም ያው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ የማንኛውንም ዕቃ የወር ፍጆታ ለማወቅ ዋቱን በቀን በሚሠራበት ሰዓትና በቀኑ ቁጥር አባዝቶ ለአንድ ሺህ ማካፈል ይበቃል። ዋቱም በዕቃው ጀርባ ወይም ግርጌ ተጽፎ ይገኛል።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። በአንዲት ክፍል ውስጥ የተሰቀለ የድሮ ዓይነት 60 ዋት አምፖል ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ፣ ማለትም በቀን አምስት ሰዓት፣ ወሩን ሙሉ ቢበራ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በእርሱ ፈንታ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ቢተካ፣ ለዚያው ሰዓት የሚፈጀው 1 ነጥብ 35 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ብርሃኑ ከቀድሞው የሚያንስ አይደለም። የድሮው አምፖል ከሚስበው ኃይል አብዛኛውን የሚያወጣው በሙቀት መልክ ነው፤ በእጅ ቢነኩት የሚያቃጥለውም ስለዚህ ነው። በዚህ ምክንያት ነበር ያኔ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ይባል የነበረው ድርጅት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሚሊዮን ለሚቆጠሩ የድሮ አምፖሎች ምትክ የሚሆኑ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞቹ ያከፋፈለው። ድርጅቱ ኃይል ሸጦ የሚኖር ሆኖ ሳለ ኃይል የሚቆጥብ አምፖል ማደሉ ለአንዳንድ ሰው እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁሉም ሰው አምፖሉን የሚያበራው በአንድ ሰዓት፣ ማለትም ሲመሽ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገውን ኃይል ለመቀነስ አምፖል ማደል አዲስ የኃይል ማመንጫ ከመገንባት ይረክሳል።

ከአምፖሉ ወደ እንጀራ ምጣዱ ስንመለስ የቁጥሩ መጠን ፈጽሞ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው በታች በቦይ የተዘረጋ ጠመዝማዛ ሽቦ ያለው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይስባል። ይህም ማለት ምጣዱ በጋለበት ሰዓት ከሦስት መቶ ሰማንያ የሚበልጡ የኤልኢዲ አምፖሎች በአንድ ጊዜ እንደ በሩ ያህል ነው። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር፣ በወር ስምንት ጊዜ ይሆናል፤ ፍጆታውም 42 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያችን የተማሪ አምፖል በቀን አምስት አምስት ሰዓት እያበራን 42 ኪሎዋት ሰዓት እስክትፈጅ ብንጠብቅ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይወስድብናል።

ምጣዱ ይህን ያህል ስለሚበላ ቁጠባ የሚጀመረው ከእርሱ ነው። እንጀራ ተውና ሌላ ብሉ ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው እንጀራ በልቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። መመልከት የሚገባን ኃይሉ የትኛው ላይ እንደሚባክን ነው። ምጣዱ ከበራ በኋላ ለመጀመሪያው እንጀራ የሚበቃ ግለት፣ ይኸውም 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ እስኪደርስ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። በዐሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ አንድም እንጀራ ሳይወጣ 0 ነጥብ 875 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጠራል። በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጋግር ቤት በወር ዐሥራ አምስት ጊዜ ያግላል፤ ለማጋያ ብቻ 13 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግረው ግን 7 ብቻ ያወጣል። ታዲያ ለምን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ አይጋገርም? እዚህ ላይ አየሩ ይወስናል። በአምቦ ቅዝቃዜ እንጀራ ሦስትና አራት ቀን ሳይሻግት ይቆያል፤ ከፍታዋ ዝቅ ባለችውና ሙቀቷ በሚበረታው በባኮ ግን ቶሎ ይበላሻል። ተበላሽቶ የሚጣል እንጀራ ደግሞ ከጤፉ ጋር የተጋገረበትንም ኃይል ይዞ ይጣላል።

ለዚህ ባልትና የሚያውቁ እናቶች ያገኙት መላ አለ፤ እርሱም ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ግለት ተራ ገብተው መጋገራቸው ነው። የመጀመሪያዋ ስትጨርስ ምጣዱ እንደ ጋለ ሁለተኛዋ ትቀጥላለች፤ ሁለተኛው ማጋያ ይቀራል ማለት ነው። አንድ ምጣድ በሚጋሩ ተከራዮች ዘንድ ይህ ሥራ ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው ሊጡ በአንድ ቀን እንዲደርስ አስቀድሞ መስማማት ብቻ ነው። ሊጡን ማቅጠን፣ ማሰሻውንና ሰፌዱን ማቅረብ የመሳሰለው ሥራ ሁሉ ምጣዱ ሳይበራ ማለቅ አለበት። ምጣዱ እየጋለ ማሰሻ ፍለጋ ጎረቤት የምትሄድ ጋጋሪ በየደቂቃው ስድስት የኤልኢዲ አምፖሎች አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያበሩትን ኃይል ለአየር ትሰጣለች። አክንባሎውም በሚገባ የሚገጥም መሆን አለበት፤ ባልተከደነ ምጣድ ላይ ሙቀቱ ወደ ጣራ ይወጣልና። ሸክላው ወፍራም ስለ ሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ የመጨረሻው እንጀራ ከመሰፋቱ በፊት ማጥፋት ይቻላል። በተረፈው ትኩሳት ቆሎ የሚያሞቁ፣ ድርቆሽ የሚያደርቁም አሉ።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የመጋገሪያው ሰዓት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ በተለይም በበዓል ዋዜማ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲጥድ የመስመሩ ጉልበት ይደክማል። «መብራቱ ቀነሰ» የምንለው ይህንን ነው። የሚስበው ኃይል የሚቀንሰው ግን ከቮልቱ ቅናሽ በላይ ነው። ቮልቱ በግማሽ ቢወርድ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። በ220 ቮልት 3 ሺህ 500 ዋት የሚስብ ምጣድ፣ ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ የሚስበው ወደ 2 ሺህ 300 ዋት ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያስ ተቆጠበልን» ይል ይሆናል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ምጣዱ በሁሉም አቅጣጫ ሙቀት ስለሚያፈስ፣ ደካማ ኃይል ያገኘ ምጣድ ከሚያገኘው ውስጥ አብዛኛውን ለአየር እየሰጠ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እንጀራውም ዐይን ሳያወጣ ጠፍጥፎ ይቀራል። ስለዚህ ረፋድ ላይ የሚጋግር ሰው በጥቂት ሰዓት የተሻለ እንጀራ ያገኛል።

ከምጣድ ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። አንድ ዐይና ምድጃ 1 ሺህ 500 ዋት የሚስብ ቢሆንና በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም ከምጣዱ ይበልጣል። ሽሮ በክዳን መሥራት፣ ባቄላና አተርን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደር፣ የድስቱን ቂጥ ከምድጃው ዐይን ጋር ማስተካከል የምድጃውን ሰዓት ከሚያሳጥሩት ውስጥ ናቸው። በክረምት በምድጃ ክፍል ማሞቅ ግን ከሁሉ የከፋ አባካኝነት ነው፤ የአምቦ ብርድ በጋቢ የሚቻል ብርድ ነው። ፍሪጅ ያለው ቤት እንደ ፍሪጁ መጠንና ዕድሜ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊያወጣ ይችላል። 80 ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን በቀን አራት ሰዓት ቢከፈት በወር ወደ 10 ይጠጋል። ካውያ ብዙ ቢስብም የሚሠራው ለጥቂት ጊዜ ስለ ሆነ ልብስን አከማችቶ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚተኩስ ሰው ከ2 ኪሎዋት ሰዓት አያልፍም። ስልክ መሙላት ደግሞ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በወር ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሆኖም በብዙ ግቢ ጠብ የሚነሣው በስልክ ቻርጀርና በአምፖል ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የዋጋውን ነገር ማንሣት ይገባል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንደ ደረጃ የተሠራ ነው። ጥቂት የሚጠቀም ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ይከፍላል፤ ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይከፍላል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውና በ2014 ዓ.ም. መጨረሻው ደረጃ ላይ በደረሰው ማሻሻያ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ላለው የመጀመሪያ ደረጃ የአንዱ ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከ500 በላይ ላለው የመጨረሻ ደረጃ ግን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ሆነ፤ ይኸውም ዘጠኝ እጥፍ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት የሚቀጥል ሌላ ማሻሻያ ስለ ተጀመረ፣ የዕለቱን ዋጋ ማየት የሚሻለው ከራሱ ከቢሉ ላይ ነው። «በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም እያለው ዋጋው ስለ ምን ይጨምራል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ውኃው በነጻ ቢወርድም ግድቡን ለመሥራት የወጣው ገንዘብ፣ ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩና ሠራተኛው ነጻ አይደሉም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረውና ከጌዶ ወደ ሰሜን ታጥፎ የሚገኘው የፊንጫ ማመንጫም እንዲሁ እስከ ዛሬ ጥገና ይፈልጋል።

የደረጃው አሠራር በኪራይ ግቢ ውስጥ አንድ ያልታሰበ ውጤት ያመጣል። ይህንም በምሳሌ እንመልከት። በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ቆጣሪ አለ እንበል። አከራይዋ ከአራት ቤተሰቦቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና አራት የኤልኢዲ አምፖሎች አሏቸው፤ በወር 87 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ። በአንደኛው ክፍል ብቻውን የሚኖር መምህር ምድጃ፣ ካውያና አንድ አምፖል አለው፤ የእርሱ 49 ይሆናል። በሌላው ክፍል ሦስት ተማሪዎች አሉ፤ ያላቸው አንድ የድሮ 60 ዋት አምፖልና ሁለት ስልክ ነው፤ የእነርሱ 10 ገደማ ነው። ድምሩ 146 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ ተማሪዎቹና መምህሩ በመጀመሪያው ደረጃ፣ አከራይዋም በሁለተኛው ይቀመጡ ነበር። ቆጣሪው ግን የሚያውቀው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ ደምሮ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ያወጣቸዋል። ስለዚህ በአንዲት አምፖል የሚያጠኑት ልጆች ከመቶ በላይ የሚጠቀም ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ይከፍላሉ።

ሒሳቡ ሲከፋፈል ደግሞ ችግሩ ይበዛል። በሦስት ቤት እኩል ይከፈል ቢባል ለእያንዳንዱ 49 ያህል ይደርሳል፤ መምህሩ የተጠቀመውን ያህል ከፈለ፤ ተማሪዎቹ ግን ከተጠቀሙት አምስት እጥፍ ገደማ ከፈሉ። በሰው ቁጥር ይሁን ቢባል በግቢው ዘጠኝ ነፍስ ስላለ ለአንድ ሰው 16 ይደርሳል፤ ሦስቱ ተማሪዎች አሁንም 49 ገደማ ይከፍላሉ፤ ምድጃ ያለው መምህር ግን 16 ብቻ ከፍሎ ይወጣል። በብዙ ግቢ እንደሚደረገው በአምፖል ቁጥር ይሁን ቢባል ስድስት አምፖል አለና ለአንዱ 24 ይደርሳል። ተማሪዎቹ ከተጠቀሙት ከሁለት እጥፍ በላይ፣ መምህሩ ግማሹን ያህል፣ አከራይዋ ደግሞ ከተጠቀሙት ዐሥር ያህል አብልጠው 97 ይከፍላሉ። በአምፖል የመቁጠር ልማድ ለአከራዮች የሚያደላ መስሎ ይታያል፤ እንደምታዩት ግን እዚህ እርሳቸውንም ጎድቷል። የዚህ ልማድ ምክንያቱም ያው በመግቢያችን ያነሣነው ስም ነው። ነገሩ «መብራት» ስለ ተባለ የሚቆጠረው አምፖል ሆነ።

ፍትሐዊው መንገድ እያንዳንዱ በፍጆታው መጠን እንዲከፍል ማድረግ ነው። ለዚህም ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ይህ የደረጃውን ዋጋ ባይለውጥም ጭቅጭቁን ያስቀራል፤ ወጪው ግን የአከራይን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሥራውም ሙያ ያለው ሰው የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ዘዴ ወረቀትና እርሳስ ነው። ከዚህ በላይ ያሳየነውን ስሌት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በግማሽ ሰዓት ይሠራዋል። የግቢውን ዕቃ ሁሉ ከነዋቱና ከነሰዓቱ ጽፎ፣ ደምሮ፣ የእያንዳንዱን ቤት ድርሻ አውጥቶ ለአከራይ ማሳየት ነውር የለበትም። አቀራረቡ ግን ጨዋነት ይጠይቃል። «አጭበረበሩን» ብሎ መጀመር በሩን ይዘጋል፤ «እማማ፣ ሒሳቡን ላግዝዎት ብዬ ይህን ጽፌአለሁ፤ እርስዎም ከሚገባዎ በላይ እየከፈሉ ነው» ብሎ መጀመር ግን ጆሮ ያስገኛል። የኋለኛው አነጋገር የሽንገላ ቃል አይደለም፤ በምሳሌአችን እንዳየነው በአምፖል በሚከፈልበት ግቢ እውነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ይህ ስሌት የሚጠቅመው የምሽቱን ጥናት ለማስከበር ነው። በአንዳንድ ግቢ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መብራት አጥፉ የሚል ሕግ አለ፤ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪም በስልክ ባትሪ ብርሃን ዐይኑን ያደክማል። ያችን 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል አምስት ሰዓት በየምሽቱ ማብራት በወር 1 ነጥብ 35 ኪሎዋት ሰዓት ነው ብለናል። በ2014 ዓ.ም. በነበረው በመጀመሪያው ደረጃ ዋጋ ብናሰላው 37 ሳንቲም ይሆናል፤ በመጨረሻው ደረጃ፣ ማለትም በውዱ ዋጋ ብናሰላው እንኳ 3 ብር ከ35 ሳንቲም ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋው በሦስት እጥፍ አድጓል ብለን ብንገምትና አሁንም ውዱን ደረጃ ብንይዝ ወደ 10 ብር ይጠጋል። ይህም የአንድ ክፍል ሙሉ ወር ጥናት ነው። ስለዚህ ሦስት ተማሪዎች የድሮውን አምፖል ነቅለው በራሳቸው ገንዘብ የኤልኢዲ አምፖል ቢገዙና ይህን ቁጥር ለአከራያቸው ቢያቀርቡ፣ እስከ እኩለ ሌሊት የማብራት ፈቃድ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አላቸው። አምፖሉንም ቤት ሲለቁ ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉ፤ ተከራይ ከሚያሻሽላቸው ነገሮች ሁሉ ይዞት የሚሄደው ይህ አንዱ ነው።

ቁጠባ ተብሎ የሚሠራ፣ ነገር ግን ቁጠባ ያልሆነ ሥራም አለ። ከቆጣሪው በፊት መስመር ቀጥሎ መጠቀም ስርቆት ነው፤ ሰውም ይገድላል። ምድጃ በተከለከለበት ቤት ምድጃውን አልጋ ሥር ደብቆ በቀጭን ሽቦና በዲቫይደር መጠቀምም እንዲሁ አደገኛ ነው። ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል። የጋለ ሽቦ ኃይልን ያባክናል፤ የሚባክነውንም ቆጣሪው ቆጥሮታል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ልባሱ ይቀልጣል፤ በጭቃና በእንጨት በተሠራ፣ ኮርኒሱም ማዳበሪያ በሆነ ቤት ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ስፒናው ወይም ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ፣ የፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ ዕቃውን ነቅሎ ለአከራይ መንገር ይገባል።

በመጨረሻ የቆጣሪውን ንባብ እንመልከት። በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ከፍሎ ስለሚሞላ የቀረው ከፊቱ ይታየዋል፤ ቁጠባም በዚህ ዓይነቱ ቆጣሪ ይቀላል። በድኅረ ክፍያ ቆጣሪ ግን ቢሉ የሚመጣው ወሩ ካለፈ በኋላ ነው። ቢሉ ላይ የቀድሞ ንባብና የአሁን ንባብ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ልዩነታቸው የወሩ ፍጆታ ነው። አንባቢው ግቢው ተዘግቶበት በግምት የጻፈ እንደ ሆነ የአሁኑ ንባብ ከቆጣሪው ጋር አይገጥምም። ግምቱ ዝቅ ብሎ ከቆየ፣ ቆጣሪው በትክክል በተነበበበት ወር ያለፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተደምሮ ይመጣል፤ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚያስገባውም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለው ድምር ነው። ስለዚህ አንባቢው በሚመጣበት ቀን ግቢው ክፍት እንዲሆን፣ ቁጥሩም በደብተር እንዲጻፍ ያስፈልጋል። የማይገጥም ቢል ያገኘ ሰው ከመክፈሉ በፊት ደብተሩን ይዞ ወደ አገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት መሄድ ይችላል።

ቆጣሪው ራሱ ትክክል መሆኑን ለመፈተን ደግሞ አንድ ቀላል መንገድ አለ። በግቢው ያለውን ዕቃ ሁሉ አጥፍታችሁ፣ ከሶኬትም ነቅላችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ። በድሮው ቆጣሪ ውስጥ ያለው ክብ ዝርግ ብረት መዞር፣ በአዲሱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ማቆም አለባት። ካላቆመች ወይ የተረሳ ዕቃ አለ፣ ወይ ሽቦው የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይም ከናንተ መስመር ላይ ሌላ ሰው ቀጥሏል። በአዲሱ ቆጣሪ ፊት ላይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብልጭታ እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ 1600 ከሆነ፣ ምጣዱን ብቻ አብርታችሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብልጭታውን ቁጠሩ። ከ90 ጥቂት ከበለጠ ምጣዱ 3 ሺህ 500 ዋት እየሳበ ነው፤ ወደ 60 ከወረደ መስመሩ ደክሟል፤ ሊጡ ጥቂት ቆይቶ ቢጋገር ይሻላል።